የሀሊማ ዛቢያ

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰው "ምን ስትሠሪ ኖረሽ ነው?" ብሎ ሲጠይቀኝ "ዛቢያ ስመርጥ" እላለሁ፤ ይስቃል። ዛቢያ የማያውቅ ወጣት ስላለ ልናገር፦ የመዶሻው፣ የዶማው፣ የመጥረቢያው እንጨት ነው፤ እጅ የሚይዘው። ብረቱን ሁሉም ያደንቃል፣ እንጨቱን ማንም አይጠይቅም።

በቀደም የልጅ ልጄ ሳራ በስልኳ ጎልፍ የሚባለውን ጨዋታ አሳየችኝ። አንድ ሰውዬ የኳስ መምቻ ዱላ ሊገዛ ሱቅ ገብቷል። አንዱ ዱላ ይለመጣል፣ አንዱ ደረቅ ነው፣ አንዱ ይረዝማል፣ አንዱ ይከብዳል። ሰውየው እየወዘወዘ ይመታል፤ ማሽን አመታቱን ይለካል፤ ባለሙያው ደግሞ "ለአንተ ክንድ የሚስማማው ይኼኛው ነው" ይለዋል። ሰውየው ግን ዓይኑ በወፍራሙና በደረቁ ላይ ቀርቷል፤ ጎበዝ የሚይዘው እሱን ስለመሰለው። እኔ ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

"እማማ፣ ምን ያስቅሻል?" አለችኝ።

"ይኼን ሥራ አሥራ አራት ዓመት ሠርቼዋለሁ፤ ያውም ያለ ማሽን። ወንዶቹም ልክ እንደዚህ ነበሩ።"

"እንግዲያው ጻፊው" አለች። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። ያጣመምኩት ካለ እሷ ታቃናው፤ ነገሩን ግን እንዳትነካብኝ።

በደርግ ጊዜ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው፤ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ አንድ የመንገድ ሥራ ቢሮ ውስጥ። የመጀመሪያው አለቃዬ ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ድምፅ ሲሰሙ ይደነግጣሉ። በዚያ ዘመን ሳሙና ብርቅ ነው። አንድ ቀን ለሠራተኛ የሚታደል ሳሙና መጣና ለቢሮ ሰው ሁለት ሁለት፣ ድንጋይ ለሚፈልጠው ሰው አንድ አንድ ተብሎ ሲከፈል አየሁ። መጥረጊያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ "የሚቆሽሸው ማን ነው?" አልኩ። በሳምንቱ ወደ ድንጋይ ካባው ዕቃ ቤት ተዛወርኩ። ቅጣት መሆኑ ነው። እኔ ግን ሳሙናው በዓመቱ እኩል መከፈል ስለጀመረ ተቀጥቻለሁ ብዬ አላውቅም።

ካባው ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። ለመንገዱና ለጎርፍ መከላከያ ግንቡ ድንጋይ የሚፈለጠው እዚያ ነው። ሥራው ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ስታነድ ይቆማል፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀጥላል። ዕቃ ቤቱ የቆርቆሮ ቤት ነው። እዚያ ውስጥ አው ዩሱፍ የሚባሉ የሐረር አናጢ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዕድሜያቸው ከጡረታ አልፏል፤ ግን ዛቢያ የሚያገባ ሌላ ሰው ስለሌለ የሚያሰናብታቸው አልነበረም።

አው ዩሱፍ ሲጨብጡ አይለቁም። ሠራተኛው "እንዴት ሰው የሚወዱ አባት ናቸው" ይላል። ውሸት ነው፤ እየለኩ ነው። መዳፉ ስንት ጣት ይሰፋል፣ አውራ ጣቱ የት ይደርሳል፣ ጠባሳው የት ጋ ነው፤ "ደህና አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና?" እያሉ ሁሉን ይጨርሳሉ። እንጨት ሲመርጡ ደግሞ አንዱን ጫፍ ጥርሳቸው ላይ ያስደግፉና ሌላውን ጫፍ በቁልፍ ይመታሉ። "ጆሮ ይዋሻል፣ ጥርስ አይዋሽም" ይሉ ነበር። ውስጡ የተሰነጠቀ እንጨት ጥርስ ላይ ሲደርስ ድንዝ ይላል፤ ጤነኛው ይነዝራል። እኔም ለመድኩት፤ ዛሬ ሁለት የፊት ጥርስ የሌለኝ በሌላ ምክንያት ነው እንጂ በዚያ አይደለም።

የእንጨቱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይሰበር መሄድ አለበት። መስመሩ በጎን ከወጣ ዛቢያው አንድ ቀን እዚያው ጋ ይሰበራል። ወይራ ከባድና ደረቅ ነው፤ ኃይልን ሳይቀንስ ያደርሳል፣ ንዝረቱንም ሳይቀንስ ወደ እጅ ይመልሳል። ኦሮሞዎቹ ሀሮሬሳ የሚሉት የቆላ እንጨት ደግሞ ቀላልና ለማጣ፣ ሲጫኑት የሚለመጥ ነው፤ ለፍላጻ ቀስት ይሆናል። በብርጭቆ ስባሪ እየፋቅን እናሳሳዋለን፤ ከዚያ ጫፉን በጉልበት ተጭነን ምን ያህል እንደሚጎብጥ እናያለን። መጨረሻ የግመል ስብ ይቀባል።

አው ዩሱፍ የሰውን አመታት የሚለኩት ግን ጀርባቸውን ሰጥተው ነው። "አሥር ጊዜ ምታ" ይሉና ዞረው ያዳምጣሉ።

"ለምን አያዩትም?" አልኳቸው።

"ካየሁት ጡንቻውን አያለሁ። ጡንቻ ያታልላል። እኔ የምፈልገው መዶሻው ከላይ ደርሶ ሲመለስ ያለችውን ጊዜ ነው። የሚቸኩል አለ፤ ከላይ ሳይደርስ ይመልሰዋል። ለእሱ ደረቅ እንጨት ስጪው፤ ለማጣ ብትሰጪው ብረቱ ኋላ ይቀርበታል። ከላይ ትንሽ የሚያርፍ አለ። ለእሱ ለማጣውን፤ እንጨቱ ራሱ ይወረውርለታል።"

አንድ ደንብ ነበራቸው። ዛቢያ ከመረጡ በኋላ አይሰጡም፤ ያውሳሉ። ሰውየው አንድ ሙሉ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራበታል፤ በማግስቱ መልሶ ያመጣል፤ እጁን እንደገና ይጨብጡታል። ውኃ የቋጠረ ቦታ ካገኙ እንጨቱ እንደገና ይፋቃል። በረመዳን ደግሞ የጾመኛው ሁሉ መዶሻ እንደገና ይለካል። "የጾመ ክንድ ሌላ ክንድ ነው" ይላሉ።

ይኼ ሁሉ ግን በጓሮ የሚሠራ ነገር ነበር፤ ለሚያውቋቸው ለጥቂት ሰዎች ብቻ። ከማዕከል በመኪና ተጭኖ የሚመጣው ዛቢያ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ አንድ ርዝመት፣ አንድ ውፍረት። አዲሱ አለቃችን ጓድ ጌታሁን ከመሀል አገር የመጣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሌብነት የማያውቅ ሰው ነበር። ይኼን አልክድበትም። ስለ ዛቢያ ስነግረው እንዲህ አለኝ፤ "ጓድ አስካለ፣ እኩልነት ማለት ለሁሉም አንድ ዓይነት መሣሪያ ነው። ለአንዱ ረጅም ለአንዱ አጭር ካልን ወደ ድሮው ተመለስን ማለት ነው።"

"ጫማስ ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው የሚታደለው?" አልኩት።

"ነገር አታጣምሚ።"

ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ሴቶች ከተሸካሚነት ወደ መዶሻ ገቡ። ከእነሱ አንዷ ሀሊማ ናት፤ የመጋላ ሰፈር ልጅ፣ አራት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ። ድንጋይ በባሬላ ሽቅብ ስትሸከም ኖራ ወገቧ ተጎድቷል። መዶሻ ቆሞ መምታት ነው፤ ለወገቧ ይሻላታል፤ ዳስም አለው። ጓድ ጌታሁን ግን ደንብ አወጣ፦ በቀን አንድ ሳጥን ጠጠር ያልሞላ ሰው፣ ወሩ ሲያልቅ ወደ ባሬላ ይመለሳል። ሳጥኑ ወለል የሌለው ትልቅ የጣውላ መለኪያ ነው።

ሀሊማ ሩብ እየጎደላት ትውላለች። መዳፏን አሳየችኝ፤ ቆዳው ተገሽልጧል።

"አስካለ እህቴ፣ ባሬላው ላይ ከተመለስኩ ወገቤ አንድ ወር አይቆይም" አለችኝ። "ከዚያ ልጆቹን ማን ያበላቸዋል?"

ወደ ጓድ ጌታሁን ሄድኩ። ሄድኩ ስል በቀን ሦስት ጊዜ ነው። በመጨረሻ "አንድ ሳምንት እሰጥሻለሁ፤ ለሁሉም መርጠሽ አሳዪኝ። ጉዳት ከደረሰ ግን ያበቃል" አለ።

አሁን የምጽፈውን ለልጆቼም አውርቼላቸው አላውቅም።

በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ሰው መለካት ፈለግሁ። አው ዩሱፍ "በቀን አምስት ይበቃል" ቢሉኝ "ሳምንቱ ያልቅብናል" አልኳቸው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሙመዴ መጣ። ሙመዴ የካባው ጉልበተኛ ነው፤ ደረቱ በር ያክላል፤ ወሬው ደግሞ ከደረቱ ይሰፋል። በእረፍቱ ሰዓት ጫቱን ቅሞ፣ ዓይኑ እንደ ፋኖስ በርቶ፣ ምርቃናው ጫፍ ላይ ሆኖ ነው የመጣው። ድሬዳዋ ተወልጄ፣ ድሬዳዋ አድጌ፣ የመረቀነ ሰው ምን እንደሚመስል ጠፍቶኝ አይደለም። ቸኮልኩ።

አሥር ጊዜ መታ። ምድሩ ተንቀጠቀጠ። ከላይ ለዓይን ጥቅሻ እንኳ አያርፍም። በጣም ደረቁን፣ በጣም ወፍራሙን ወይራ ከትልቁ መዶሻ ጋር ሰጠሁት። አውሼውም አይደለም፤ ሰጠሁት።

"አቦ አስኩ፣ ይኼ የእኔ ነው። ተራራ አምጪልኝ" አለ።

በማግስቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሐራራው ይዞት፣ ዓይኑ ሳይገለጥ መጣ። ሦስተኛው ምት ላይ ክንዱ ዘገየ። መዶሻው የድንጋዩን ጠርዝ መታ፤ ደረቁ እንጨት ምንም አልተለመጠም፤ ያ ሁሉ ኃይል ተመልሶ የእጁ አንጓ ላይ ገባ። ድምፁን ዕቃ ቤት ሆኜ ሰማሁት። አጥንት ነበር።

ጓድ ጌታሁን አልጮኸም። "አበቃ" አለ ብቻ። የመረጥናቸው ዛቢያዎች ተሰብስበው ተመለሱ፤ የማዕከሉ እንጨት ተመልሶ ታደለ። ለሀሊማ ገና መርጬላት አልነበረም። ወሩ ሊያልቅ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል።

አው ዩሱፍ ያንን ወይራ አንስተው እጄ ላይ አስቀመጡት።

"በስንት ሰዓት ለካሽው?"

"በአሥር ሰዓት።"

"መዶሻ የሚያነሳውስ?"

"ጠዋት በአሥራ ሁለት።"

"ሁለት ሰው ናቸው" አሉ። "ለአንዱ ሰጠሽና ሌላውን ሰበርሽው።" ከዚያ በኋላ ስለዚያ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ቃል አልወጣቸውም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስኳር ይዤ መጋላ፣ ሙመዴ ቤት ሄድኩ። የሙመዴ እናት በሩን ከፈቱልኝ፤ አዩኝና "ግቢ፣ አንቺ አጥንት ሰባሪ" አሉኝ፤ ፊታቸው ግን አልከፋም። ሙመዴ እጁ በሸምበቆ ታስሮ ተጋድሟል።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኩት። "ምርቃናህን አይቼ እንዳላየሁ አልፌዋለሁ።"

"ወላሂ ግማሹ የእኔ ነው" አለ። "ያን ሰዓት የደንገጎን ተራራ አንሳ ብትዪኝ አነሳው ነበር። ጠዋት ግን ብርድ ልብሱንም ያነሳችልኝ እናቴ ናት።"

"እውነቱን ነው" አሉ እናቱ። "ሽንት ቤትም ልሸከመው ትንሽ ነው የቀረኝ።"

"ስብሰባ ላይ ይኼን ትናገራለህ?" አልኩት።

"ስለ ጫቴ? በጓድ ጌታሁን ፊት?" ጣሪያውን አየ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?"

"እኔ ጥፋቴን ቀድሜ እናገራለሁ።"

"እንግዲያው እናገራለሁ። ሴት ቀድማኝ ወንድ ሆና እኔ ዝም ብል እናቴ ታባርረኛለች።"

ቅዳሜ ስብሰባ ነበር። ተነሥቼ ሁሉንም ተናገርኩ፤ ቸኩዬ ነው፣ ደንብ ጥሼ ነው፣ ሙመዴን የጎዳው ወይራው ሳይሆን እኔ ነኝ ብዬ። ሙመዴ የታሰረ እጁን ይዞ ተነሣ፤ "እኔም የሰጠኋት የእኔን ክንድ አይደለም፤ የጫቱን ክንድ ነው" አለ። ካባው በሳቅ ፈነዳ። ጓድ ጌታሁንም ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ መሆኑን አየሁ። ያኔ "አንድ ሰው፣ አንድ ጠዋት ስጠኝ" አልኩት። "ሀሊማ በእኔ ዛቢያ፣ በቀለ በማዕከሉ። ሀሊማ ካልሞላች እኔም አብሬያት ባሬላ እይዛለሁ።"

በቀለ ጨዋና ጠንካራ ሠራተኛ ነው፤ ሁልጊዜ ሳጥኑን ይሞላል። ጓድ ጌታሁን አሰበና "ሰኞ" አለ።

እሑድ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ መዶሻ በሚነሳበት ሰዓት፣ ሀሊማን ካባው ላይ አቆምናት። እኔ አጭር ዛቢያ አዘጋጅቼላት ነበር። ሁላችንም ለሴት አጭር ነው የምንለው፤ እኔም ሴት ሆኜ እንደዚያ ነበር የማስበው። አው ዩሱፍ ጀርባቸውን ሰጥተው አሥሩን ምት አዳመጡ።

"ይቺ ልጅ አትቸኩልም" አሉ። "ከላይ ታርፋለች። ድንጋዩን እዪው፤ ስንት ቦታ መታች?"

አየሁ። አሥር ጊዜ መትታ አንዲት ነጭ ምልክት ብቻ ናት ያለችው።

"ያልሳተ ሰው ለምን አጭር ይሰጠዋል? አጭር ምቱን ለሚስት ሰው ነው። ረጅሙን ሀሮሬሳ አምጪ፤ ብረቱን ደግሞ አንድ ኪሎ ቀንሺለት።"

ቀኑን ሙሉ ስንፍቅ ዋልን፤ መካከሉ ላይ አሳሳነው፤ ሀሊማ እየመታች እየመለሰች፣ እኛ እየፋቅን እየሰጠን፣ እንጨቱ እስኪመሽ ሙሉ የሥራ ቀን ከእጇ ጋር ዋለ። ማታ እጇን ጨበጥኩ። ውኃ የቋጠረ ቦታ አልነበረም።

"አቦ፣ ይኼ ነገር ዕዳውን ራሱ ነው የሚከፍለው" አለች ሀሊማ እየሳቀች። "እኔ አነሳዋለሁ፤ የቀረውን እሱ ይሠራል።"

ሰኞ ሰዉ ሥራውን እየሠራ ዓይኑ ግን እዚያው ነበር። የበቀለ መዶሻ ፈጣን ነው። የሀሊማ ወደ ላይ ይወጣል፣ ያርፋል፣ እንጨቱ ትንሽ ጎበጥ ይላል፣ ከዚያ ይወርዳል። ረጅም ስለሆነ የሳቁ ነበሩ፤ "የግመል እረኛ መሰለች" አለ አንዱ። ሁለት ሰዓት ላይ ሳቁ ቆመ። አራት ሰዓት ሲሆን ሁለቱም ሳጥኖች አፋቸው ድረስ ሞልተው ነበር። ይኼ ሰው በቀን የሚሞላው ነው።

ጓድ ጌታሁን መጣ። የሀሊማን ሳጥን ዞረና በጫማው ሁለት ጊዜ ጎኑን ረገጠው። ጠጠሩ ወርዶ አንድ ስንዝር ጎደለ።

"ጎደለ" አለ።

"ጓድ፣ የበቀለንም ርገጥ" አልኩት።

"የበቀለ ሁልጊዜም ሞልቶ ነው የሚያውቀው።"

"ስላልተረገጠ ነው። ርገጠው፤ አለበለዚያ እኔ እረግጠዋለሁ፤ የእኔ እግር ደግሞ ይከብዳል።"

በቀለ ራሱ "ትክክል ናት፣ ጓድ" ብሎ የራሱን ሳጥን ረገጠ። ሁለት ስንዝር ወረደ። ጓድ ጌታሁን ደብተሩን አወጣ፤ "ሀሊማ፣ መዶሻ" ብሎ ጻፈ፤ ስሟን ከፍ አድርጎ አነበበው። ሀሊማ ዳሱ ሥር ቁጭ አለች፤ ሻሿን ፊቷ ላይ አደረገች። ከዚያ በኋላ ባሬላ ይዛ አታውቅም።

ጓድ ጌታሁን ያንን ረጅም ዛቢያ አንስቶ አገላበጠው። ዓይኑ በራ። "ይኼ ነው የሚያስፈልገን" አለ። "ለማዕከል እጽፋለሁ፤ ለሁሉም ሠራተኛ ልክ ይኼንኑ ይላኩልን።"

አው ዩሱፍ ግንባራቸውን ያዙ። ሀሊማ ሻሿን ከፊቷ አነሳች።

"ጓድ፣ እሱ የእኔ ነው" አለች። "ለሙመዴ ብትሰጠው በአንድ ምት ሁለት ያደርገዋል። እኔም የሙመዴን ብይዝ እጄ ይሰበራል።"

"ታዲያ ስንት ዓይነት ነው የምትፈልጉት?"

"ስንት ሠራተኛ አለን?" አልኩት።

"ስድሳ ሦስት።"

"ስድሳ ሦስት ነዋ።"

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፤ ተወው። ሁለቱን ሳጥኖች አየ፤ የሀሊማን መዳፍ አየ። ከዚያ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣል አደረገና ቀኝ እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

"እሺ፣ ከእኔ ጀምሪ። እኔም ልምታና ልየው።"

ከዕቃ ቤቱ በር ጀምሮ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ በቀለም፣ ሴቶቹም፣ ተሸካሚዎቹም ሁሉ። እጁን ጨበጥኩት፤ ሳልለቅ።

"ጓድ፣ ሰልፍ አለ" አልኩት። "በቀን አምስት ነው የምንለካው። ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ ጫትም ቁርስም ሳይነካ።"

ከሁሉም ኋላ ሄዶ ቆመ። ተራው እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ አንድም ቀን ሳይቀር መጣ።